በግምት የተጻፈ ቁጥር

ባሌ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በእግሩ በር እያንኳኳ ቁጥር ሲጽፍ ኖሯል። ሰፈሩ ሁሉ “ቆጣሪው” ይለዋል፤ እኔም ስናደድ እንደዚያው።

በሥራቸው ውስጥ አንድ ነውር አለ፤ “ግምት” ይሉታል። የመብራት ቆጣሪው ጋ ሳይደርሱ ያለፈውን ወር አይተው ቁጥር መጻፍ ማለት ነው። ውሻ ፈርቶ፣ ዝናብ ጠልቶ ግምት የሚጽፍ ሞልቷል። ባሌ ግን እንዲህ ያደረገ ባልደረባውን ዓመት ሙሉ ሰላም አላለውም። ይሄ ጠባዩ ቤትም ይገባል። “ወተቱ ፈላ?” ብዬ ስጠይቀው ተነስቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ተመልሶ ተቀምጦ “ፈልቷል፤ አይቼ ነው” ይላል። “አይቼ ነው” እስኪል ወተቱ ገንፍሎ ያልቃል።

ባለፈው ዓመት መንገድ ላይ መቆም ጀመረ። አብረን ስንሄድ ድንገት ቀጥ ብሎ የጨረታ ማስታወቂያ ያነባል። ምን ሊጫረት ነው እላለሁ። አንድ ቀን የፀጉር ቤት መስኮት ላይ የተለጠፉ የፀጉር ቁርጦችን ቆሞ ሲያጠና አገኘሁት። ራሱ ላይ አንዲት ፀጉር የለችውም።

ነገሩ የወጣው አማቴ የደወሉ ቀን ነው። እማማ የሚኖሩት ዳገቱ ጫፍ ላይ፣ ሰማንያ ስድስት ደረጃ ተወጥቶ ነው። ቤታቸው የባሌ መንገድ መጨረሻ ነው፤ በየወሩ ቆጣሪያቸውን አንብቦ፣ እሳቸውንም አይቶ ይመለሳል።

“ልጄ፣ ዓይኑን ካየሁት ሦስት ወር አለፈኝ” አሉኝ። “ደህና ነው?”

“ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማማ” አልኩ። እኔን ግን ባለፈው ሳምንት “እማዬ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች” ብሎኝ ነበር። ባሌ ሲገባ በር ላይ ጠብቄ ለምን እንደዋሸኝ ጠየቅኩት።

“ሃምሳ ሜትር ስሄድ ባቴን ጭምድድ አድርጎ ይይዘኛል” አለ፤ ዓይኔን ሳያይ። “ስቆም ይለቀኛል። እማዬ እንዳትሰማ።”

ያኔ ገባኝ። አባቱንም እንዲሁ ነበር የጀመራቸው። ደብቀው ደብቀው በመጨረሻ እግራቸው ተቆረጠ፤ እማማ ሦስት ዓመት አስታመሟቸው። ልጁ ደግሞ ያንን በሽታ ይዞ ደረጃው ላይ እያነከሰ እንዲያዩት አልፈለገም። አሳዘነኝም፣ አናደደኝም። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ብዬ በማግስቱ ሐኪም ቤት ጎተትኩት።

ዶክተሩ የእግሩ የደም ቧንቧ ጠቧል አለ። ሲጋራ ከዛሬ ጀምሮ የለም፤ ኪኒን አለ፤ ከሁሉ በላይ ግን እርምጃ። “ሦስት ወር ይሥራ። ካልተሻለው ሌላ ነገር እናስባለን።” ባሌ “ሌላ ነገር” የሚለውን መጋዝ ብሎ ተረጎመው።

እርምጃው የሚሠራው ምድር ቤት ባለች አንዲት ክፍል ነው። ሁለት የመራመጃ ማሽን፣ የግድግዳ ሰዓት፣ በተርታ የተደረደሩ ወንበሮች። ፊዚዮቴራፒስቷ የልጃችን እኩያ ናት። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አራት በቁጥር እንዲነግራት አስተማረችው። ዜሮ ምንም የለም፣ አራት መቆም ያቅታል።

“ሦስት ሲደርስ ቁጭ ይበሉ። ሲለቅዎት እንደገና ይነሱ።”

“እያመመኝ ልሂድ?”

“እያመመዎት ነው የሚሄዱት፣ ጋሼ። ቧንቧው ቢጠብም እግሩ በትንሽ ደም መሥራትን የሚማረው እንዲያ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ?”

“እንቁላል ባት የለውማ” አላት።

በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ፣ በቀሪው ቀን ደግሞ በሰፈራችን እየተራመደ ደቂቃውንና ቁጥሩን ደብተር ላይ መጻፍ ነበረበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ደብተሯን ከኪሱ አይለያትም። በአምስተኛው ሳምንት ልጅቷ ገልጣ አየችው። አምስት ደቂቃ፣ ሦስት። አምስት ደቂቃ፣ ሦስት። ገጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው።

“ማሽኑ ላይ ግን በሁለት ደቂቃ ነው ሦስት የሚሉኝ” አለች። “ትናንት በስንት ሰዓት ተራመዱ?”

“ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ከቤት አልወጣም” አልኩ እኔ። በእግሬ ረገጠኝ፤ ረገጥኩት።

“ታዲያ ይሄን ቁጥር ከየት አመጡት?”

“በግምት” አለ።

ቃሏ ከአፉ እንደወጣች ፊቱ ተለወጠ። ማሽኑ ላይ ወጥቶ አንድም ቀልድ ሳይናገር ሠርቶ ወረደ። ወደ ቤት ስንመለስ አጥር ተደግፎ ቆመ፤ ማስታወቂያ የሚያነብ አስመስሎም አልነበረም።

“የእማዬንም ቆጣሪ በግምት ነው የጻፍኩት” አለኝ። “አራት ወር። ደረጃው አቃተኝ።” አንጀቴን በላው። “እግሬ ሲያመኝ ፈራሁ፣ አቆምኩ፣ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ግን አንዴም ደርሶ አያውቅም።”

“አሁንስ?”

“በራሴ እግር ወጥቼ አነበዋለሁ። ያን ቀን ሁሉንም ለእማዬ እነግራታለሁ።”

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሰው እኔ ነኝ የማውቀው። ሲዘንብም ጥላ ይዞ ወጣ። ጥርሱን ነክሶ ይራመዳል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ አጥር ላይ ይቀመጣል፣ ይነሳል። ደብተሩ ላይ ሁለት ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ ወደኋላ ተመልሶ ሁለት። ቁጥሩ አስቀያሚ ነበር፤ እውነት ግን ነበር። በዘጠነኛው ሳምንት ስድስት ደቂቃ ሄደ። ሲጋራ ያማረው ቀን ሁላችንም የእግር እሳት ሆነብን፤ ቻልነው። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ማሽኑ ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየ። ልጅቷ አጨበጨበች፤ እሱ የሚያስበው ሰማንያ ስድስቱን ደረጃ ነው።

የንባቡ ቀን አብሬው ሄድኩ። በሠላሳኛው ደረጃ “ሁለት” አለኝ። በአርባ አራተኛው “ሦስት” ብሎ ቁጭ አለ። ሰው ያልፋል ብሎ አልተነሳም፤ እስኪለቀው ጠበቀ። ሰባ ላይ ደግሞ አንዴ ተቀመጠ። እማማ ከላይ በራቸው ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩናል፤ አልተጣሩም።

ደረሰ። ጉልበታቸውን ሳመና ወደ ቆጣሪው ሄዶ ሳጥኑን ከፈተ። እንደከፈተም ደርቆ ቀረ።

በክዳኑ ውስጠኛ ጎን በእርሳስ የተጻፉ ስድስት መስመሮች አሉ። እሱ በቀረበት በየወሩ ቀኑና ቁጥሩ፤ ተንጋዶ፣ ግን አንድም ሳይጎድል።

“ማነው የጻፈው?”

“እኔ ነኛ። አንባቢው ታመመ ተብሎ ቆጣሪው ዝም ይላል እንዴ?”

“እንደታመምኩ ማን ነገረሽ?”

“አሥረኛው ደረጃ ላይ ጎንበስ ብለህ የጫማህን ክር ስታስር አየሁህ። አስረህ ተመለስክ። በወሩም እንደዚያው። አባትህም ክር በማሰር ነበር የጀመረው።” እግሩን አዩት። “ያንተ ጫማ ግን ክር የለውም፣ ልጄ።”

ባሌ ግድግዳውን ይዞ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ። እማማ አላለቀሱም፤ እርሳሱን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡት። አፍንጫውን ጠርጎ ቆጣሪው ላይ አጎነበሰ፤ ከስድስቱ መስመር ሥር ሰባተኛውን ጻፈ።

“በግምት እንዳይሆን” አሉት።

“አይደለም፣ እማዬ” አለ። “አይቼ ነው።”