ያበስኩት ጠብታ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተነፈስኩም። ንስሐ ስገባ ሁሉ ይቺን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። አንተ አንባቢ ግን አታውቀኝም፤ ስለዚህ ስማኝ። ልታዝንልኝ ከሆነ እዚሁ ላይ ተወው።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። በምላሴ ተማሪ አስለቅስ ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር። ጫልቱ የምትባል ከሐይቆቹ አገር፣ ከቡልቡላ የመጣች ልጅ ገና ከኮሌጅ እንደወጣች እኛ ትምህርት ቤት ተመደበች። ቅን ናት፤ ቅንነቷ ያናድደኝ ነበር። ሰው ከቤተሰብ ሲመለስ ዓሣ ይዞ ይመጣል፤ እሷ በጠርሙስ የኩሬ ውሃ!

አንድ ቀን ከዚያ ውሃ ጠብታ ወስዳ ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጋ ለተማሪዎቿ ስታሳይ ገባሁ። በዓይን የማትታየው የውሃ እንስሳ፣ ፓራሚሲየም፣ ውስጧ አረንጓዴ ቅንጣት ሞልቶታል። ጫልቱ፣ «እነዚህ ተክሎች ናቸው፤ እንስሳዋ ዋጠቻቸው እንጂ አልፈጨቻቸውም፤ እሷ ትጠብቃቸዋለች፣ እነሱ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ያበሏታል» አለች። እኔ ጎንበስ ብዬ እንኳ ሳላይ፣ «የበላችው ምግብ ነው! ሆድ ውስጥ ሌላ ምን ልታገኚ ፈለግሽ?» አልኩ።

«ጋሼ፣ ምግብ ቢሆንማ ይፈጭ ነበር። ምግብ ከልክያቸው ብርሃን ላይ ሰነበቱ፤ አረንጓዴው እንዳለ ነው። እስቲ ይዩት» አለችኝ፣ በአክብሮት።

ተማሪዎቹ ሳቁ። በእኔ ነው የሳቁት!

ሁሉም ሲወጡ ብቻዬን ተመለስኩና አየሁት። ቅንጣቱ ሁሉ ክብ ነው፣ ያልተነካ። አንዷ እንስሳ እዚያው እያየኋት ለሁለት ተከፈለች፤ አረንጓዴውንም ተካፈሉት። ጫልቱ ልክ ነበረች። እኔ ምን አደረግሁ? መስታወቱን አንስቼ ጠብታውን በአውራ ጣቴ አበስኩት። ጠርሙሱንም ደጅ ደፋሁት።

እዚህ ላይ ባቆም ቅናት ነው ትለኝ ነበር። አላቆምኩም። በዚያው ሳምንት የመምህራን የውይይት ክበብ ነበረን፤ ርዕሱ የመደብ ትግል። እጄን አወጣሁ። «ጓዶች፣ በይና ተበይ በአንድ ሆድ ተፋቅረው ይኖራሉ ብላ የምታስተምር መካከላችን አለች። ይህ የመደብ እርቅ መስበክ ካልሆነ ምንድን ነው?» እንዴት እንዳማረልኝ! አጨበጨቡልኝ። ጫልቱ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች።

«እኔ'ኮ ስለ ፓራሚሲየም ነው» አለች። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። ያኔ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ይዩት ብዬዎት ነበር'ኮ። አይተውት ከሆነ ይንገሯቸው።»

«ምንም አላየሁም» አልኩ።

ወሰዷት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ አፋፍ ላይ ያቆምኩት ግን ቃሌን ሳይሆን እሷን ነው። ምን አስቤ ነበር? ገስጸው ይለቋታል ብዬ? ውሸት! ያን ጊዜ የተወሰደ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሕፃን ልጅ ያውቅ ነበር። አውቄ ነው ያደረግሁት። ያን ምሽትም ራቴን በላሁ፣ ተኛሁ።

ከዓመታት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ሞጆ ሰው ሊጭን ቆመ። በመስኮት ብርቱካን የምትሸጥ ሴት እያነከሰች መጣች። ጫልቱ ናት። ውስጥ እግሯን ገርፈዋት፣ ማስተማርም ከልክለዋት ኖሯል። እርግማኗን ስጠብቅ፣

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ» አለችኝ። «ያኔ አይተውት ነበር? እስር ቤት ሆኜ እኔው ራሴን ተጠራጠርኩ። ምግብ ይሆን እንዴ እያልኩ።»

አንድ ቃል ነው የለመነችኝ። ክበብ የለ፣ ሊቀመንበር የለ፣ የሚሰማን የለ። ሹፌሩ ክላክሱን ነፋ።

«ምግብ ነበር፣ ጫልቱ» አልኳት።

 «ገለቶማ፣ ጋሼ» ብላ በኦሮምኛ አመሰገነችኝና አንድ ብርቱካን በመስኮት አቀበለችኝ። ሒሳቡንም እንቢ አለች። ብርቱካኑን በላሁት።

ይቅርታ አልጠይቅህም፤ የምታደርግልኝ አንተ አይደለህም። ሞጆ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ በሕይወት ትኑር አትኑር ሄጄ አላጣራሁም። ካለች እውነቱን መንገር ሊኖርብኝ ነዋ! ለአንተ መናገር ግን እንዴት ቀለለኝ፣ አየህ? አይቼዋለሁ። አረንጓዴ ነበር፤ አልተፈጨም።