የዘቢባ መረብና የሙላት ካልሲ

ይህ የሆነው ባለፈው በጋ ነው። ዓሣ ባየሁ ቁጥር ሆዴን ስለሚያቅለሸልሸኝ ጽፌ ልገላገለው አልኩ።

የልጄ ባል ተመስገን ወልቂጤ ውስጥ ጎሚስታ ነው። ከጓደኛው ከሙላት ጋር ጊቤ ወንዝ ወርደው ዓሣ ማጥመድ አማራቸው፤ መረብ ግን የላቸውም። መረብ ያላት ጎረቤቴ ዘቢባ ናት። የሞተው ባሏ አጥማጅ ነበር። እነሱ ቢጠይቋት አትሰጥም፤ እኔ ዋስ ሆኜ ቃሌን ብሰጣት ሰጠች። ውሉም ድሮም የታወቀ ነው፤ ዓሣው ሦስት መደብ ይሆናል። አንዱ ለተመስገን፣ አንዱ ለሙላት፣ አንዱ ለመረቡ፣ ማለት ለዘቢባ። ቃሉ የኔ ስለሆነ ጉልበቴን እያመመኝ አብሬያቸው ወረድኩ።

ገና እንደጣሉት መረቡን ድንጋይ ያዘው። ቀስ ብለው እንደማላቀቅ ሁለቱም ጎተቱት። ተተረተረ። የሚያሰምጠው እርሳስም ውኃ ውስጥ ቀረ።

ተመስገን ዳር ላይ ከተጣለ የማዳበሪያ ጆንያ ክር እየመዘዘ ቀዳዳውን ሰፋ። ይዞት የመጣውን አሮጌ የመኪና ጎማ ከላማዳሪ ሸንሽኖም ማሰሪያ አደረገው። እስከዚህ ጎበዝ ብያለሁ። በእርሳሱ ፋንታ ግን ሙላት ጫማውን አውልቆ ካልሲዎቹን ጠጠር ሞላቸው። ካልሲው ደርቆ እንደ ቆዳ ቆሟል። ከብት ስር ያደግሁ ሴት ነኝ፤ እንዲህ ያለ ግማት ግን አላውቅም።

“አንተ፣ የሚበላ ነገር እኮ ነው የሚያዝበት!” አልኩት።

“ዓሣ አፍንጫ የለው፣ እማማ” ብሎ ሳቀ።

የሚገርመው መረቡ ሠራ። ዓሣው ጆንያ ሞላ። ሲካፈሉ ግን ሁለት መደብ ብቻ ከመሩ።

“የዘቢባስ?” አልኩ።

“የሷ መረብማ ድንጋዩ ላይ አለቀ” አለ ሙላት። “ይህን የያዘው የኛ ክርና የኔ ካልሲ ነው። እንዲያውም ስለሰፋንላት ልታመሰግነን ይገባል።”

ተመስገንን አየሁት። አቀርቅሮ ዓሣውን በክር ይሰካል። ከካልሲው ግማት ይልቅ ይህ አስጸየፈኝ።

ቢላዋ አንስቼ ካልሲዎቹን ከመረቡ ቆረጥኩና ሙላት እግር ስር ጣልኳቸው። ጠጠሩ ተዘረገፈ።

“ይኸው መረብህ! ወርውረውና የሚይዝልህን ብላ። መረቡን የቀደደው ማን ነው? ቀዶ የሰፋ ባለቤት ከሆነ፣ ነገ ቤቴን አፍርሳችሁ ጭቃ ለጥፋችሁ ልትወርሱኝ ነዋ!”

“ኧረ እማማ፣ ስቀልድ ነው” አለ። ዓሣውን ሁለት ቦታ ከምሮ ነው የሚቀልደው!

ሦስት መደብ አድርጌ ራሴ ከፈልኩት። እንዳያጉረመርሙ ወንዙ ዳር ልብስ የምታጥብ ሴት ጠርቼ እንደ ቅርጫ ዕጣ አስጣልኩ። ሙላት ድርሻውን ይዞ ሳይሰናበተኝ ሄደ።

ለዘቢባ ዓሣዋን ሰጥቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አዝና መረቡን እያገላበጠች ዳበሰችው፤ አንድ ክፉ ቃል ግን አልወጣትም። ጠብሳ አቀረበችልኝ። አንድ ጉርሻ እንኳ አልወረደልኝም። ተመስገንንም እርሳሱን ተክቶ፣ መረቡን በደህና ክር ሰፍቶ እስኪመልስላት ድረስ ቤቴ አላስገባሁትም።

አሁን በየበዓሉ ይመጣል፤ ጉልበቴን ይስማል። ልጄ፣ “እማዬ፣ አሁንስ ይቅር በይው” ትለኛለች። ይቅር ብየዋለሁ። ማንም ዘንድ ሄጄ ግን ለእሱ ቃሌን አልሰጥም።