ባለጥምጥሟ ቶርታና የአልጋነሽ ጾም

ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ ሲወረድ፣ ግራ ቀኙ ፈርሶ መንገዱ ሲሰፋ እንዴት እንደተረፈ ባለቤቱም የማያውቀው አንድ ኬክ ቤት አለ። በዚያ ቤት ጓዳ፣ ከምድጃው ፊት ቆማ ያረጀች ሴት አልጋነሽ ትባላለች። እጇ ያልነካው የኬክ ዓይነት ባይኖርም ስሟ የሚነሳው በአንዷ ነው። ከሥር በቅቤ የታሸ ስስ ቂጣ፣ መሃሏ ወፍራም የቸኮሌት ክሬም፣ አናቷ ላይ በስኳር ተመትቶ የተቆለለ የእንቁላል ነጭ። አረፋው ምድጃ ገብቶ ጫፍ ጫፉ ቀላ ሲል የቄስ ጥምጥም ይመስላል። የአራዳ ልጅ ደግሞ ስም ሳያወጣ አያድርም፤ “ባለጥምጥሟ” አላት። “ጥምጥም አድርጋ ከማትጾመዋ አንድ ቁራጭ!” ብለው የሚያዙ ዛሬም አሉ።

ቶርታዋ አትጹም እንጂ አልጋነሽ ትጾማለች። ቅቤውም ወተቱም እንቁላሉም የፍስክ ስለሆነ፣ ጾም በገባ ቁጥር የምትሠራውን አትቀምስም። ያኔ ምላሷ ባንኮኒው ላይ የምትሠራው ሰልዋ ናት። ማንኪያዋን ይዛ ብቅ ትላለች፤ ቀምሳ “ስኳር ያንሰዋል” ወይም “አንደኛ!” ትላለች፤ አልጋነሽም ታምናታለች። ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገጠሙ ሰሞን ግን ቀማሽ ይጠፋና ቶርታዋ የምትሸጠው በእምነት ነው።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አልጋነሽን ጉንፋን ጣላት። ጉንፋኑ ሲሄድ ምላሷንና አፍንጫዋን ይዞባት ሄደ። ሽንኩርት አይሸታት፣ ጨው አይሰማት። ነገ ይመለሳል፣ ከነገ ወዲያ ይመለሳል እያለች ለማንም ሳትናገር ቀረች።

ያልተናገረችው ወዳ አይደለም። ከእሷ በፊት የጓዳው አለቃ ጋሼ አስገዶም ነበሩ፤ ሙያውን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም የያኔው ባለቤት በክብር ከበሩ አጠገብ ወንበር አስቀመጠላቸው። ደመወዛቸው አልተቋረጠም፣ ሻያቸው አልቀረም። ሰው በክብር ይገደላል ወይ ብትሉኝ፣ ይገደላል እንጂ! ሽማግሌው ከዚያ ወንበር ላይ ሆነው አላፊ አግዳሚውን ሰላም ሲሉ ሰነበቱና ክረምቱን ሳይሻገሩ አረፉ። ወንበሩ ዛሬም እዚያው በሩ ጋ ነው። አልጋነሽ ጠዋት ስትገባ ዓይኗን ሰብራ ታልፈዋለች።

ጾሙ ደረሰላት። በጾም ማንም “ቅመሺ” አይላትም። ማታ ማታ ለጸሎት ስትቆም ግን ታፍር ነበር፤ ሰው ለነፍሱ የሚጾመውን ጾም እሷ የገመናዋ መሸፈኛ አድርጋዋለች። “ጌታዬ፣ ለፋሲካ እንኳ መልስልኝ” ብላ ለመነች።

ፋሲካ ባዶ እጁን መጣ። ከቅዳሴ መልስ ከዶሮ ወጡ አንድ ጎረሰች፤ ጥጥ የማኘክ ያህል ሆነባት። ብቻዋን ስለነበረች እስኪወጣላት አለቀሰች። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ከእንግዲህ በምን ትሸሸግ? በዚያ ላይ ቤቱ የራሱ ልማድ አለው፤ በበዓሉ ማግሥት የመጀመሪያዋ ባለጥምጥም እዚያው ጓዳ ትቆረሳለች፣ መጀመሪያ የምትቀምሰውም አልጋነሽ ናት። እሷ ቃል ሳትተነፍስ ሌላው አይጎርስም።

ሰኞ ጠዋት ቂጣውን ዳምጣ በመጋገሪያው ቆርቆሮ ላይ አለበሰችው። ኮኮዋውን ከወተቱና ከእንቁላሉ አስኳል ጋር እሳት ላይ ጣደች፤ እጇ እያማሰለ ሐሳቧ ግን ቆረሳው ላይ ነበር። ምን እላለሁ? ፊታቸውን አይቼ እንዳልናገር ከእኔ በፊት አይጎርሱም። የጓዳ ባልደረባዋ ለተክርስቶስ የእንቁላሉን ነጭ መትታ፣ መጠንከሩን ለማሳየት ሳህኑን በገዛ አናቷ ላይ ገለበጠችው፤ ጠብ አላለም። ሁለቱም ሳቁ፤ የአልጋነሽ ሳቅ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ቶርታዋ ቀዝቀዝ ስትል ሁሉም ተሰበሰቡ። ከአባቱ ቤቱን የተረከበው ዘርዓብሩክ ቢላውን በሁለት እጁ አቀበላት። “እትዬ፣ ይባርኩልን።”

ቆረሰች፤ ጎረሰች። አረፋው አፏ ውስጥ ሟሟ፣ ክሬሙ ለሰለሰ፣ ቂጣው ተሰበረ። ሌላ ምንም የለም። ሁሉም አፍ አፏን ያያሉ።

“እሰይ!” አለች። “የዘንድሮዋስ ትለያለች።”

ዘርዓብሩክ ጎርሶ አንድ አፍታ ቆም አለና ዋጠ። “እውነትዎን ነው” አለ። ለተክርስቶስ “እጅዎ ይባረክ” ብላ አቀረቀረች። ሳትጨምር ሳትቀንስ የማታልፈው ሰልዋ እንኳ ዝም ብላ ሳህኗን እስከ ፍርፋሪው ጠረገች።

አልጋነሽ እፎይ አለች። ዕቃውን ላንሳ ብላ ወደ ምድጃው ተመለሰች። የወተቱን ጣሳ ስታነሳ ከጀርባው በፎጣ የተሸፈነ ጎድጓዳ ሳህን አየች። ገለጠችው። ለክሬሙ ለክታ ያስቀመጠችው ስኳር ነው፤ ሙሉውን፣ ማንኪያ ሳይነካው።

ስኳር የሌለው ኮኮዋ ምን እንደሚል ለማወቅ ምላስ አያስፈልጋትም።

ዞር ብላ ብታይ፣ ለተክርስቶስ ከቧንቧው ሥር ጎንበስ ብላ ውሃ ትጠጣለች። ዘርዓብሩክ የማኪያቶ ስኳር በጣቱ እየጠቀሰ ይልሳል። ሳህኖቹ ግን ሁሉም ባዶ ናቸው። ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር፤ እነሱም ዝም ባሏት። ይህን ስታስብ ከመጋለጡ ይልቅ ዝምታቸው ሆዷን አባባው።

“ልጆቼ” አለች፣ “ምንድን ነው ያበላኋችሁ?”

እርስ በርስ ተያዩ። በመጨረሻ ሰልዋ ሳቋ አመለጣት፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። “ኮሶ ነዋ እትዬ! ንጹህ ኮሶ!”

“ታዲያ ለምን በላችሁት?”

“በጾሙ መሃል ያን የሆመጠጠ ሽሮ በልተው ‘ግሩም ነው’ ካሉን ቀን ጀምሮ እናውቃለን” አለች ለተክርስቶስ። “እርስዎ እስኪነግሩን ነበር የምንጠብቀው።”

አልጋነሽ ወደ ዘርዓብሩክ ዞረች። “ምላሴ ሄዷል፣ ልጄ። ይመለስ አይመለስ አላውቅም።” ከዚያ ወደ በሩ አመለከተች። “ወንበሩን አቧራውን አራግፉልኝ።”

ዘርዓብሩክ ወደ በሩ ወጣ። ወንበሩን ተሸክሞ ጓዳ አስገባውና ራሱ ተቀመጠበት። “ሁለተኛዋን ቶሎ ያውጡልን” አለ። “ይሄን ምሬት ከአፌ ሳላጠፋ ከዚህ አልነሳም።”

“እኔ እኮ...”

“እርስዎ ምን?” አለች ሰልዋ። “በጾም ጊዜ የሚቀምስልዎ ማን ነበር? ጾሙ ረዘመ ይበሉ!”

አልጋነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። አዲስ ወተት ጣደች፤ አሁን ስኳሩን ጨመረች። ክሬሙ ሲወፍር ማንኪያውን ነከረች፣ እፍ ብላ አበረደችው። አገር ሁሉ ጾሙን ፈትቶ ሲበላ በዋለበት በፋሲካ ማግሥት እጇን ዘረጋች።

“ነይ ሰልዋ፣ ቅመሺልኝ።”