ኬላው ለተወዳዳሪ ይከፈታል?

በደርግ ጊዜ ነው። ቆቦ፣ አንድ ቀበሌ በር ላይ፣ ለአብዮት በዓል የብስክሌት ውድድር ከሚመዘገቡት መሀል አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ቆሞ ነበር። የሱሪውን እግር በሲባጎ አስሯል፤ ከኮርቻው ኋላ አዲስ የሴት ጫማ ጠፍሯል።

«ጓድ፣ አምስት ብር ብዙ ነው። ኬላው ግን ለተወዳዳሪ ይከፈታል?» አለ።

«ያለ ይለፍ ወረቀት አላማጣ ትገባለህ» አለው መዝጋቢው ካድሬ።

ጥቂት አመንትቶ ከፈለ። ካድሬው ብሩን ኪሱ ከትቶ ሳቀ። «ውድድሩ ከኬላው በፊት፣ ዋጃ ላይ ዞሮ ይመለሳል።»

«ሚስቴ አላማጣ ታማ ተኝታለች! ብሬን ይመልሱልኝ።»

«የተከፈለ አይመለስም።»

በበዓሉ ቀን ዋጃ ላይ ሁሉም ሲዞሩ፣ እሱ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ወደ ኬላው ነዳ። ተኩስ ሲሰማ ካድሬው ለተቀሩት «በርቱ፣ አትቁሙ!» እያለ ያጨበጭብ ነበር።