ኒውዮርክ በስንት ቀን ይደረሳል?

ይህ የሆነው ረሃቡ በጠናበት ዓመት፣ ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። ወረቀት ዓይን ዓይኔን ስለማያየኝ መጻፉ ቀለለኝ።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ስድስተኛ ክፍል የደረስኩ ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ የሰው ደብዳቤ አነብ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ ባላቸው ሞተውባቸው ከስምንት ዓመት ልጃቸው ከጦይባ ጋር ይኖሩ ነበር። ትልቁን ልጃቸውን አንድ ፈረንጅ አስተማሪ ለትምህርት ኒውዮርክ ወስዶታል። አንድ ቀን ደብዳቤው መጣ። «እዚህ እህል ሞልቷል፤ ምነው እናንተም አጠገቤ በሆናችሁ» ይላል።

«እንሄዳለና» አሉ እትዬ ዘሐራ። «በምን ይኬዳል?»

ደጃችን የተቀመጡት ሽማግሌዎች ይመክሩ ጀመር። ደሴ ድረስ ጨው ሲነግዱ የኖሩት አባ ይማም መንገዱን ዘረዘሩት። እስከ ወረኢሉ በእግር፣ ከዚያ በጭነት መኪና ደሴ፣ ከደሴ ወዲያ ደግሞ አውቶቡስ አይጠፋም አሉ።

«ባሕር አለው ይባላል» አለ አንዱ።

«ዓባይንስ ተሻግረን ጎጃም እንገባ የለም? በተነፋ አቁማዳ ነው። ዘሐራማ ዘንድሮ ምን ክብደት አላት፣ ያለ አቁማዳም ትንሳፈፋለች» አሉ አባ ይማም።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እትዬ ዘሐራም ሳቁ።

አባ ይማም ወደ እኔ ዞሩ። «ተማሪዋ፣ ተሳሳትኩ እንዴ?»

ውቅያኖሱን በጂኦግራፊ መጽሐፋችን አይቼው ነበር። መርከብ ስንትና ስንት ቀን እንደሚጓዝበት፣ አለዚያ በአውሮፕላን ካልሆነ እንደማይታለፍ መምህራችን ነግረውናል። ግን በዚያ ሁሉ ትልቅ ሰው ፊት አባ ይማምን ማረም አፈርኩ። ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ፣ አልተሳሳቱም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሁለት ቀን አሳለፍኩ። በሦስተኛው እትዬ ዘሐራ ቤታቸውን ዘግተው፣ ጦይባን ይዘው ሄደዋል።

ከወር በኋላ ብቻቸውን ተመለሱ። እግራቸው አብጧል። ደሴ መናኸሪያ የኒውዮርኩ መኪና የቱ እንደሆነ ሲጠይቁ ሰው ሳቀባቸው። ስንቃቸው አለቀ። ጦይባ መራመድ ሲያቅታት እዚያው ደሴ «እኔ አሳድጋታለሁ» ላለች ሴት ሰጥተዋት መጡ። የሴትዮዋን ስም እንኳ አልያዙትም።

«አንቺ ተማሪ ነሽ» አሉኝ ቀስ ብለው። «በመኪና እንደማይደረስ ታውቂ ነበር ወይ፣ ልጄ?»

«አላውቅም ነበር» አልኳቸው።

«እንግዲያ የአላህ ነው» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

አሁን ሦስት ዓመት አልፎታል፤ አግብቼ ደሴ እኖራለሁ። ሱቅ ገብቼ ዋጋ መጠየቅ የማፍር ሰው፣ አሥራ አንድ ዓመት የሚሆናት ልጅ ገበያ ውስጥ ሳይ አስቁሜ ስሟን እጠይቃለሁ። እስካሁን ጦይባ ነኝ ያለችኝ የለችም።

አገሬ በገባሁ ቁጥር እትዬ ዘሐራ ለልጃቸው ደብዳቤ ያስጽፉኛል። «እህትህ ደህና ናት በይው» ይሉኛል። የማውቀውን ያን ቀን ብናገር ኖሮ አጠገባቸው እንደነበረች እያሰብኩ፣ ደህና ናት ብዬ እጽፋለሁ።