ከዚራ የቀረው አሮጌ ቴፕ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ለገሃር

ባቡሩ ገና ሳይነሳ ላብ አጥምቆኛል። ሙቀት አይደለም፤ አዲስ አበባ በዚህ ሰዓት ያንዘፈዝፋል። ያላበኝ ጉልበቴ ላይ በጋቢ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ውስጡ ሰሃን የሚያህል ክብ የኮምፒውተር ቴፕ አለ። የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኛ ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ ስሙና የሥራ ዘመኑ እሱ ላይ ተቀድቷል። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ነገ የሚሆነውን የሚያውቅ የለም። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ቢቃጠል ወይም ቢበላሽ ቅጂው በሌላ ከተማ እንዲገኝ፣ ድሬዳዋ ቅርንጫፋችን ውስጥ የቴፕ ማኖሪያ ክፍል እያደራጀን ነው።

እስካሁን ሁለት ቴፕ ልከናል። እኔ ሦስተኛውን አድርሼ ከሁሉ አሮጌውን ይዤ እመለሳለሁ። የተመለሰው ይጠረግና አዲስ ይቀዳበታል፤ ቴፕ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ አይባክንም።

ችግሩ አሮጌው ላይ ነጂብ መኖሩ ነው። ሌሎቹ ላይ የለም። ነጂብ የድሬ ልጅ ነው። ለሥልጠና አዲስ አበባ የመጣ ጊዜ ሦስት ወር አንድ ክፍል ተጋርተናል። ሁለት ሹራብ ደርቦ ይተኛና «ይሄን ከተማ የሠራው በረዶ ሻጭ ነው» እያለ ያስቀኝ ነበር። ድሬ ከተመለሰ በኋላ አንድ ጠዋት ለሥራ ወጥቶ ቀረ። ጅቡቲ ገባ የሚሉ አሉ፤ ምንም የማይሉ ይበዛሉ። ከዚያ የጠፉ ሠራተኞች ስም ይሰረዝ የሚል ትእዛዝ መጣ። ኮምፒውተሩ የሚያነበውን የስረዛ ካርድ የበሳሁት እኔ ነኝ። ነጂብ ይናፍቀኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ በዚህ ዘመን የጠፋ ሰው የሚናፈቀው በሆድ ነው።

አዋሽ፣ እኩለ ቀን

ሁለት ፈታሾች ገቡ። አንደኛው የጉዞ ፈቃዴን አገላብጦ አየና በጣቱ ሣጥኑን አንኳኳ።

«ምንድን ነው ጓድ?»

«ቴፕ ነው።»

«ዘፈን?»

«አይ፣ የስም ዝርዝር።»

አፌን በቆረጠው። አጠገቤ የተቀመጡት ቲማቲም ነጋዴ ሴትዮ ዘንቢላቸውን ይዘው ፈንጠር አሉ።

«የማን ስም?»

«የኔም አለበት» አልኩ። ሰውየው ትንሽ ፈገግ አለና ፈቃዴን መለሰልኝ። ሴትዮዋ ግን እስከ ሚኤሶ ወደኔ አልተጠጉም።

ከአዋሽ ወዲያ ያለው ግራር፣ አቧራና ግመል ነው። ኤረር ላይ ብርቱካን በመስኮት ይሸጣል። አራት ገዛሁ። ነጂብ ስለ ኤረር ብርቱካን ሲያወራ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። አንዱን ልጬ፣ ጨፍኜ በላሁት። እውነቱን ነበር።

ድሬዳዋ፣ አመሻሽ

ከጣቢያው ደጅ ጋሪ ያዝኩ። ሣጥኑን አቅፌ ስሳፈር ባለጋሪው ዞሮ አየኝ።

«ወሪያ፣ እንቁላል ነው የያዝከው?»

«ከእንቁላል ይብሳል። በቀስታ ንዳ።»

«አቦ፣ በቀስታ ከሆነ በእግርህ አትሄድም?»

እየሳቀ ፈረሱን ገታ አደረገልኝ። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ከመንገዱ በላይ ተጋጥመዋል፤ ከሥራቸው ሰው ወንበር አውጥቶ ተቀምጧል። ነጂብ በነዚህ ጥላዎች ሥር ነው ያደገው። በየወንበሩ ላይ ፊቱን ስፈልግ ራሴን አገኘሁት።

ረቡዕ ጠዋት፣ ከዚራ

ቅርንጫፋችን ሐዲዱ በተዘረጋበት ዘመን የተሠራ፣ የግድግዳው ውፍረት ክንድ የሚያህል ቪላ ነው። የንብረት ክፍሉን የምትይዘው አዴ ፋጡማ ናት፤ አዴ በድሬ እናት እንደማለት ነው። የነጂብ እናት ናት።

«እንደምን አደሩ አዴ?»

«አደሩ የምትለው ስንት ሆኜ ነው? ድሬ ነው ያለኸው፣ አንቺ በለኝ።»

ማኖሪያውን ከፈተችልኝ። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ክፍሉ ጨለም ብሎ ደስ የሚል ቅዝቃዜ አለው። ወለሉ ግን ረጥቧል።

«ውኃውን ማን ደፋው?»

«እኔ ነኛ። ጠዋት አንዴ፣ ቀትር አንዴ። ቴፑ ሙቀት አይወድም ብለህ የጻፍክልኝ አንተ አይደለህ?»

የድሬ ሰው ሙቀትን የሚያባርረው ወለል ላይ ውኃ በመርጨት ነው። ደብዳቤዬ ላይ እርጥበትም አይወድም ብዬ መጨመር ነበረብኝ። አልጨመርኩም። ላይኛው መደርደሪያ ላይ የነበረው ሁለተኛው ቴፕ ደህና ነው። አሮጌው ታች ነበር። የቴፑን ማኅደር ስከፍት ዳር እስከ ዳር ነጭ ሻጋታ ወርሶታል፤ ክሩ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ከእንግዲህ የትኛውም ማሽን አያነበውም።

አዴ ፋጡማ ከኋላዬ ቆማለች።

«ልጄ ያለው እዚህኛው ላይ ነው አይደል? የተቀዳበትን ቀን ላዩ ላይ አይቻለሁ። ያኔ ሥራ ላይ ነበር።»

ማኅደሩን ከደንኩት። ወደሷ ዞርኩ።

«አዴ፣ ከሌሎቹ ላይ ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

በሻሿ ጫፍ የማኅደሩን አቧራ ጠረገች።

«አዝዘውህ ነው። እኔም ቀበሌ ጠርተውኝ፣ እንዲህ የሚባል ልጅ የለኝም ብዬ ፈርሜያለሁ። ፎቶውን በእጄ አቃጥያለሁ ወላሂ። የቀረ ይሄ ብቻ ነው። አትውሰድብኝ።»

«አልወስድብሽም።»

«ውስጡ አለ?»

«አለ።»

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኳት።

አዲሱን ቴፕ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ዳግመኛ ውኃ እንዳትረጭ አስጠነቀቅኳት፤ ለሌሎቹ ብዬ ነው። ከዚያ ቤቷ ወስዳ በማር የራሰ ፈጢራ አበላችኝ፣ የቡና ገለባ በወተት ተፈልቶ የሚጠጣውን ሆጃ አጠጣችኝ። ስለ ነጂብ አንድ ቃል አላወራንም። ከሰው ጋር እንዲያ ናፍቄው አላውቅም።

ዓርብ፣ አዲስ አበባ

አለቃዬ ባዶ እጄን አየ።

«አሮጌው የታለ?»

«እርጥበት በልቶታል። አይነበብም፣ አይቀዳበትም።»

«እዚያው ይጣላ ታዲያ» አለና የስረዛ ቅጽ አቀበለኝ። ፈረምኩ። ቴፑም እንደ ነጂብ ከመዝገብ ወጣ።

ከዓመታት በኋላ ይህን ያጫወትኳቸው ወዳጆቼ ለአለቃህ በመዋሸትህ ደፋር ነበርክ ይሉኛል። ለአለቃዬ የነገርኩት እውነቱን ነው።

ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ድሬ ወርጃለሁ። አዲስ አስቀምጣለሁ፣ አሮጌ አነሳለሁ። ሥራዬን ስጨርስ አዴ ፋጡማ ያንን ማኅደር ከሣጥኗ ታወጣና «እስቲ እየው» ትለኛለች። ጀርባዬን ሰጥቻት እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው አዴ» እላታለሁ።