ኖራው ሳይደርቅ

ይህን እስከዚህ ሳምንት ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ በጾም የበላሁትን በርገር ሳይቀር ዘርዝሬያለሁ። ይህን ግን በየጊዜው ዘልዬዋለሁ። አፌ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ግጥም እጽፋለሁ፤ ግጥም ውስጥ ደግሞ ነገር መደበቅ ቀላል ነው። ስለዚህ ይህን በግጥም አልጻፍኩትም።

ካልጋሪ ያለው የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ከፓርኪንጉ ወደ ውስጥ የሚያስገባ የድንጋይ ቅስት አለው። ሙሽሮች ከሥሩ ፎቶ ይነሣሉ። ልጆች ከሰንበት ትምህርት ሲወጡ እንደማይደርሱበት እያወቁ የመሐሉን ድንጋይ ለመንካት ይዘላሉ። ሽማግሌዎች ነፋስ ሲበረታ ግድግዳውን ተጠግተው ያወራሉ። ያ በር እንዲሠራ የወተወትኩት እኔ ነኝ። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። በእናንተ በምእመናኑ ራስ ላይ ምን እንደተንጠለጠለ እያወቅሁ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።

የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ግጥምም ሆነ ግንበኝነት ያስተማረኝ ሰው የለም፤ በሺፍት መሐል ዕረፍት ስወጣ ከላይብረሪ የተዋስኩትን ሁሉ አነባለሁ። አንድ በጋ ስለ ኤትሩስካውያን የሚያወሳ መጽሐፍ እጄ ገባ። ሮማውያን ሳይገንኑ በፊት በጣሊያን ምድር የኖሩ፣ ከተማ የቆረቆሩ፣ መቃብራቸውን በጭፈራና በግብዣ ሥዕል ያስጌጡ ሕዝቦች ናቸው። ቮልቴራ የምትባል ከተማቸው በር ፎቶ ላይ ስደርስ ገጹን መግለጥ አቃተኝ። ትልልቅ ድንጋዮች ጎን ለጎን ተደግፈው ቅስት ሠርተዋል። ከግራና ከቀኝ፣ ከመሐልም ሦስት የድንጋይ ራሶች ብቅ ብለዋል። ዝናብና ነፋስ ፊታቸውን ፍቆታል፤ ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ። የማን ራስ እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። በሩ ግን ይኸው ቆሟል፣ ሰው ዛሬም ይገባበታል ይወጣበታል።

ፎቶውን ለጋሼ ወርቁ ወስጄ አሳየኋቸው። ጋሼ ወርቁ ዶቨር በሚባለው የካልጋሪ ሰፈር የሚኖሩ አናጢ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚህ ከተማ ቤት ሲሠሩ ኖረው የቤተ ክርስቲያኑን ጥገና በነጻ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። ያን ሰሞን አንድ አሮጌ ሕንጻ ሲፈርስ የተረፈ የአሸዋ ድንጋይ አግኝተው፣ አጥር እናደርገዋለን ብለው ግቢው ውስጥ ከምረውት ነበር። እኔ ግን ቅስት ይሁን አልኩ። ያለ አርማታ፣ ያለ ፌሮ፣ በኖራ ብቻ፣ እንደ ጥንቶቹ።

ሳቁብኝ። "ያለ ፌሮ? አንቺ ልጅ፣ እዚህ ሀገር እኮ የቆሻሻ ገንዳ ማስቀመጫም ፌሮ አለው።"

እየተመላለስኩ ለመንኳቸው። እያነበብኩ አስረዳኋቸው። እያንዳንዱ ድንጋይ ሊወድቅ ይፈልጋል፤ ጎረቤቱም ሊወድቅ ስለሚፈልግ እርስ በርስ ተያይዘው ይቀራሉ አልኳቸው። የተከመረውን ድንጋይ ዞረው አዩና እሺ አሉ። ቅስቱ እስኪጠና የሚሸከመውን የእንጨት ቅርጽ እሳቸው ሠሩ፤ ድንጋዩን እሳቸው በግራይንደር ቆረጡ፤ የመሐሉን ድንጋይ እሳቸው አስገቡ። እኔ ኖራ አቦካሁ። አንድ ነገር ግን ደጋግሜ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ኖራ እንደ ሲሚንቶ ቶሎ አይጠናም፣ በረዶ እስኪጥል ድረስ እንጨቱ ከሥሩ መቆየት አለበት ብያቸዋለሁ። ሕጉን የማውቀው እኔ ነበርኩ። "የመጽሐፉ ባለቤት አንቺ ነሽ፣ አንቺ አውጡት እስክትይ አይወጣም" አሉኝ።

እንጨቱ እንዳለ ዓመታዊው ክብረ በዓል ደረሰ።

ለበዓሉ ግጥም ጽፌ ነበር። ከቅስቱ ሥር ቆሜ ላነበው፣ ሰንበት ተማሪዎቹ ቪዲዮ ሊቀርጹኝ ተነጋግረናል። መዝጊያው እንዲህ ይላል፤

ያም ሊወድቅ ይሻል፣ ይህም ሊወድቅ ይሻል፤
ተደጋግፎ መውደቅ መቆም ነው ይባላል።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ከበሩ ፊት ቆሜ ግጥሜን ስለማመድ ዓይኔ እንጨቱ ላይ አረፈ። ድንጋዮቹ ተደጋግፈው አልቆሙም፤ እንጨት ላይ ተኝተዋል። ግጥሜ ውሸታም ሆነብኝ። ሴቶቹ ማድ ቤት ሽንኩርት ይልጣሉ። ጋሼ ወርቁ ድንኳን ሊያመጡ ሄደዋል። መዶሻው ግድግዳው ሥር ነበር።

አንስቼ መታሁ። ማንም አላዘዘኝም። እንጨቱን ከሥር ደግፈው የያዙትን ሽብልቆች አንድ በአንድ እየመታሁ አወጣኋቸው። የመጨረሻው ሲወጣ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አልነበረም፤ ሰው ተኝቶ ጥርሱን ሲያፋጭ እንደሚሰማው ያለ ነገር ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ቀና ስል በቅስቱ የግራ ትከሻ ላይ፣ በሁለት ድንጋዮች መሐል፣ ክር የሚያህል ስንጥቅ ተከፍቷል። ጥፍሬን ሰደድኩበት። ኖራው ጥፍሬ ላይ ተለጥፎ ወጣ። እርጥብ ነበር።

እዚያ ላይ መመለስ አልችልም ነበር? እችል ነበር። ሽብልቆቹ እግሬ ሥር ነበሩ። ጮኼ ሰው ብጠራ ማድ ቤቱ ቅርብ ነበር። እኔ ግን ኖራ አቡክቼ ስንጥቁን ደፈንኩት፤ የድንጋይ ዱቄት ነሰነስኩበት፤ በመዳፌ አሸሁት። ራቅ ብዬ አየሁት፣ አይታይም። እጄ ጎበዝ ነበር።

ጋሼ ወርቁ ተመልሰው እንጨቱን ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሲያዩ ማን አወጣው አሉ። ኮሚቴው ለበዓሉ ይውጣ ብሎ ነው፣ እኔም አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው አልኳቸው። ኮሚቴው ምንም አላለም። እሳቸው ያዩት ቅስቱን አልነበረም፣ እኔን ነበር። "አንቺ ደህና ካልሽ ደህና ነው" አሉና ድንኳኑን ማውረድ ጀመሩ። ምነው ያኔ ቀና ብለው ባዩ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። እዩት ምኞቴን፤ ጥፋቴን ሌላ ሰው እንዲያገኝልኝ።

በማግስቱ ግጥሙን አነበብኩ። እልልታው ሲቀልጥ ሁሉም እኔን ያያል፣ እኔ የግራውን ትከሻ አያለሁ። ፍርሃቱ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ካልጋሪ የምትኖሩ ቺኑክን ታውቁታላችሁ። ከተራሮቹ የሚወርደው ሞቃት ነፋስ በጥር መሐል በረዶውን በአንድ ከሰዓት ያቀልጠዋል፤ በማግስቱ ደግሞ ሁሉም ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ለሌላው ሰው ዕረፍት ነው፤ ካፖርቱን ጥሎ ይወጣል። የአሸዋ ድንጋይ ግን ውሃ ይጠጣል። ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ ሲበርደው ያብጣል፣ ስንጥቁንም ይገፋዋል። ቺኑክ ሲመጣ ደመናው በምዕራብ ሰማይ ላይ ቅስት ሠርቶ ይታጠፋል። ሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር ካለው ቤቴ መስኮት ፊት ለፊት ይታየኛል። ሰው ሲያየው ደስ ይለዋል፣ እኔ መጋረጃውን እዘጋለሁ።

በዚያ በር መግባት ተውኩ። በቆሻሻ ገንዳዎቹ በኩል ባለው በር ነው የምገባው። ጓደኛዬ ሜሮን አንድ ቀን አይታኝ፣ "ያሠራሽው በር ላንቺ አይመጥንም እንዴ? ሴለብሪቲ በጓሮ ነው አሉ የሚገባው" ብላ ሳቀችብኝ። አብሬያት ሳቅሁ። እሷ በድንጋዩ በር ገባች። እኔም እየሳቅሁ አሳለፍኳት። ለራሴ ፈርቼ ዞርኩ፣ ጓደኛዬን ግን ከሥሩ አሳለፍኳት።

ጥምቀት ሲመጣ ይብስብኛል። ታቦቱ በካህኑ ራስ ላይ ሆኖ፣ ድባቡ ተዘርግቶ፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ በዚያ በር ይወጣል። እኔ ከዳር ቆሜ ከበሮው በተመታ ቁጥር ድንጋዩን አያለሁ። ከበሮ ድንጋይ ያናውጣል? አላውቅም። መጽሐፉ አይልም። መጀመሪያ ካህናቱ፣ ከዚያ ዲያቆናቱ፣ ከዚያ ልጆቹ። እያንዳንዱ ሲያልፍ እተነፍሳለሁ፣ ሌላው ሲገባ እንደገና ትንፋሼን እይዛለሁ። ጸሎት ነበር? አልነበረም። "ዛሬ አይሁን" ነበር የምለው። ዛሬ አይሁን ማለት ምን ማለት ነው? ነገ ይሁን ማለት አይደለም? ዓይኔን ስጨፍን እነዚያ የቮልቴራ ራሶች ይመጡብኛል። ፊት የላቸውም፤ እኔ ነኝ ፊት የምሰጣቸው። ለአንዱ የሜሮንን ፊት፣ ለሌላው እየዘለለ የሚያልፍ የአንድ ልጅ ፊት።

ባለፈው መጋቢት አንድ እሁድ፣ ከቺኑክ በኋላ፣ ከግራው ትከሻ የጡጫ ያህል ኖራ ተገምሶ ወደቀ። አንዲት እናት የምትገፋው የሕፃን ጋሪ መከለያ ጨርቅ ላይ ነው ያረፈው። ሕፃኑ አልነቃም እንኳ። እናቲቱ ጋሪውን አቅፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰው እግዚአብሔር አወጣው እያለ አማተበ። ኮሚቴው ጋሼ ወርቁን ጠራ። መሰላሉን የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ። ወጥተው የተገመሰውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ሲዳስሱ ቆዩ። ሲወርዱ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

"የኔ እጅ ነው" አሉ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "አርጅቷል። ድንጋዩን በደንብ አላስቀመጥኩትም።"

መሰላሉን ይዤ ቆምኩ። አፌን አልከፈትኩም። ቀዳዳውን ደፈኑትና ከዚያ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ሥራ ተዉ። መሣሪያቸውን ለወንድማቸው ልጅ ሰጡ። ሰው ጡረታ ወጡ አለ። እኔ ግን ምን እንደወሰድኩባቸው አውቅ ነበር። እጃቸውን ነው የወሰድኩት።

ልጅ ነበርኩ ልበል? አልነበርኩም። አላወቅሁም ልበል? ሕጉን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ላድናችሁ ፈልጌ ነው የምናገረው ልበል? እንደዚያ ቢሆን ያን እሁድ እናገር ነበር። የተናገርኩት ፍርሃቱን መሸከም ስላቃተኝ ነው። በዚህ ሳምንት ደመናው በምዕራብ ታጥፎ ሳየው፣ ጥምቀትም እንደቀረበ ሳስብ፣ "ዛሬ አይሁን" የሚለው ቃል አፌ ላይ አልመጣም አለ። ወደ ዶቨር ሄድኩ።

ጋሼ ወርቁ ራሳቸው ከፈቱልኝ። ሻይ ላፍላ ሲሉ ቆሜ ልናገር አልኳቸው። ስለ መዶሻው፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ጥፍሬ፣ ኮሚቴው ምንም እንዳላለ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስጨርስ ከጣሪያው የሚቀልጠው በረዶ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

"ኖራው እንዴት ነበር?" አሉ። "ስታወጪው።"

"እርጥብ።"

ሁለቱን እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አዩአቸው። "እኔ እኮ እነዚህን ነው የጠረጠርኩት" አሉ።

ይቅርታ ልል ስል እጃቸውን አነሡ። "ቆዪ። መጀመሪያ ሰው ከሥሩ ይውጣ።"

ጋራዡን ከፈቱ። ከበዓሉ በኋላ የወሰዱት የቅስቱ የእንጨት ቅርጽ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ፣ የልጅ ልጃቸው ብስክሌት ተንጠልጥሎበታል። ብስክሌቱን አወረዱና በዚያ በኩል ያዢ አሉኝ። ፒክአፑ ላይ ጭነን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

በሩን በሰንሰለት ዘጋነው። ከዚያ እንጨቱን ከቅስቱ ሥር አስገብተን ወደ ላይ ገፋነው። በቀኝ በኩል ገጠመ። በግራ በኩል አልገባም። ያን ጊዜ ለክተው የሠሩት፣ ድንጋይ በድንጋይ ልክክ ያለበት እንጨት አሁን አልገባም። ትከሻው ሰምጧል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምናልባት ፍርሃቴ ብቻ ይሆናል የምትል ትንሽ ተስፋ ነበረችኝ።

ከሰጡት መሣሪያ የቀረች አንዲት መላጊያ ከመኪናው አመጡ። እንጨቱን አውርደን እኔ ያዝኩ፣ እሳቸው ላጉ። ነፋሱ ሞቃት ነው፤ ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ጫማዬ ላይ ይወድቃል። እጃቸውን አየሁ። አልተንቀጠቀጠም። መልሰን ስንገፋው ሳያንኳኳ ገባ። ሽብልቆቹን እሳቸው መቱ፣ ቀስ እያሉ። ሲጨርሱ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩና፣ "ደህና ነበርሽ እኮ" አሉ። ለእኔ አልነበረም። ለእጃቸው ነበር።

ይቅር አላሉኝም፤ እኔም መልሼ አልጠየቅሁም። መኪናው ውስጥ ሲገቡ፣ "እሁድ አንቺው ንገሪያቸው፣ እኔ አልናገርልሽም" አሉኝ። በሩን ሊዘጉ ሲሉ ደግሞ፣ "ግጥም እንዳታደርጊው" አሉ።

ስለዚህ ለእሁድ የጻፍኩላችሁ ይህ ነው። ግንበኛ መጥቶ እስኪያየው፣ ምናልባትም እስኪያፈርሰው ድረስ የድንጋዩ በር ተዘግቷል። የጋሼ ወርቁ እጅ ምንም አልሆነም፤ ስንጥቁ የእኔ ነው። በቆሻሻ ገንዳዎቹ በኩል ያለው በር ክፍት ነው። በዚያ ግቡ፤ ልጆቹን አስቀድሙ። የእኔን ነገር ሁላችሁም ከገባችሁ በኋላ ታዩታላችሁ።